ችግኝ አለ፣ ወሰን የለም፦ የወንዝ ዳር ደኖቻችን ዳሰሳ

ደን ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ተራራ ነው። የሐረና ደን፣ የከፋና የሸካ ጫካ፣ የጎጃምና የጎንደር አድባራት ቅጥር ግቢ ይታወሰናል። ወንዝ ዳር የበቀለው ደን ግን ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም። ምክንያቱ አይገርምም፤ ጠባብ ነው። አንዳንዱ ቦታ ከውኃው ጠርዝ ተነሥተው ጥቂት ሲራመዱ ያልቅና ግራር የተበታተነበት ሜዳ ይቀበልዎታል። ካርታ ላይ ክር አያህልም።

ለቆላው ሕዝብና አራዊት ግን ዋናው ደን እሱ ነው። ዝናብ በማይበረክትበት በአፋር፣ በሶማሌና በታችኛው ኦሞ ትልልቅ ዛፍ የሚገኘው በአመዛኙ ወንዝ ዳር ነው። ሾላውንና ሮቃውን የሚያኖራቸው ከደጋ የሚወርደው ውኃ እንጂ የአካባቢው ዝናብ አይደለም። የዕፀዋት ሊቁ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኢብ ፍሪስና ከፓውሎ ቫን ብሬጉል ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ዕፀዋት አትላስ የሀገሪቱን ዕፀዋት በ12 ሲከፍሉ የወንዝ ዳሩን ለብቻው ያስቀመጡት በከንቱ አይደለም። በበጋ ከብት የሚጠለልበት፣ ቀፎ የሚሰቀልበት፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ የሚዘልበት ቦታ ነው። ሥሩ የወንዙን ገደል ይይዛል። ከማሳ የሚታጠበውን አፈርና ማዳበሪያ ውኃው ውስጥ ሳይገባ ያስቀራል። ጥላው ውኃውን ያቀዘቅዛል።

መንግሥት ይህን ደን ለመጠበቅና ለመመለስ ምን አደረገ? ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። መትከሉ ላይ በርትተናል፤ ወሰን ማበጀቱና ውኃውን መልቀቁ ላይ ግን ገና ዳዴ እያልን ነው። የወንዝ ዳር ደን ደግሞ ከችግኝ አስቀድሞ የሚፈልገው እነዚያን ሁለቱን ነው።

የደን ቁጥራችን ራሱ ይህን ደን አያሳየንም። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ደን ማለት ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዛፍ ጥላ ያለው ነው የሚል ትርጓሜ ይዛ፣ በዚያ ልክ ለዓለም አቀፍ ሪፖርት ያቀረበችው የደን ሽፋን 15.5 በመቶ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመንግሥት መግለጫዎች ሽፋኑ 23.6 በመቶ ደርሷል ይላሉ። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የወንዝ ዳር ነው? ስንቱስ ነባር ደን፣ ስንቱ ባሕር ዛፍ ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመግለጫው መልስ አያገኝም።

አዋሽ፦ በዶዘር የሄደ፣ በእሾህ የተተካ

እዚህ እንዴት እንደ ደረስን ለመረዳት አዋሽን ማየት ይበቃል። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ በአፋር ሐይቆች የሚቀር ወንዝ ነው። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሁለቱ ተደጋገፉ፤ ግድቡ የክረምቱን ሙላት ሲይዝ፣ ባለሥልጣኑ ሙላት የቀነሰለትን መሬት ለሰፋፊ እርሻ አመቻቸ። የመተሐራ ሸንኮራ፣ የአሚባራና የተንዳሆ ጥጥ የፈለጉት ለም ደለል ነው። ደለሉ ያለው ደግሞ ደኑና የአርብቶ አደሩ የበጋ ግጦሽ በነበረበት በዚያው ዳርቻ ነው።

ስለ ደን መመናመን ስንጽፍ ጣታችንን የምንቀስረው ማገዶ ለቃሚዋና ከሰል አክሳዩ ላይ ነው። እነሱም ድርሻ አላቸው፤ አልክድም። የአዋሽ ታሪክ የሚለው ግን ሌላ ነው። በዚህ ወንዝ ዳር ትልቁ ምንጣሮ የተሠራው በዕቅድ፣ በመንግሥት ፈቃድና በዶዘር ነው። በንጉሡ ዘመን ለኩባንያዎች፣ በደርግ ዘመን ለመንግሥት እርሻዎች፣ ኋላም ለስኳር ልማት ሲሰጥ ባለቤቱ ተለዋወጠ እንጂ መሬቱ ያው ነበር።

በዚያው ዘመን መንግሥት አንድ መልካም ነገርም አድርጓል። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተመሥርቶ በ1961 ዓ.ም. ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። ዛሬ በፓርኩ ከፏፏቴው በታች የሚታየው የሾላ ጥላ በአብዛኛው የዚያ ክልከላ ትሩፋት ነው። ፓርኩ ሲከለል ከረዩዎችና አፋሮች ከግጦሻቸው መገፋታቸውን፣ ቂሙም እስካሁን አለመብረዱን ግን ሳይጠቅሱ ማለፍ ታሪኩን በግማሽ መንገር ነው።

ቀጥሎ መንግሥት ልትከል አለ። በ1970ዎቹ አካባቢ ነፋስ እንዲመክት፣ አፈር እንዲይዝ፣ ጥላም እንዲሆን ተብሎ ፕሮሶፒስ የተባለው የላቲን አሜሪካ እሾሃማ ዛፍ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች ዙሪያ ተተከለ። አፋሮች ደርጊ ሐራ አሉት፤ የደርግ ዛፍ ማለታቸው ነው። ከብቱ ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩ በፋንድያ ይዘራል፣ ጎርፍ ደግሞ ወደ ታች ያወርደዋል። ዛሬ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወሯል። ግጦሹን ዘግቷል፤ ነባሩን የወንዝ ዳር ዛፍ ቦታ አሳጥቷል። በ2009 ዓ.ም. እሱን ለመቆጣጠር ብሔራዊ ስትራቴጂ እስከ ማውጣት ተደረሰ። አዋሽን በአውሮፕላን ሲያልፍ የሚያይ ሰው ዳርቻው ለምልሟል ብሎ ቢናገር አልፈርድበትም፤ ከላይ ሲታይ ሾላም እሾህም ያው አረንጓዴ ነው። ተክለናል ባዮች ምን እንደ ተተከለ ሲጠየቁ ቅር የሚላቸው ከሆነ ይህን ታሪክ ያንብቡት።

ኦሞና ባሮ፦ ሙላት ሲቀር

የታችኛው ኦሞ ጉዳይ ከአዋሽ የሚለየው በዓይናችን ፊት በመከናወኑ ነው። በኦሞና በማጎ ብሔራዊ ፓርኮች ያለው የወንዝ ዳር ደን በሀገሪቱ ከቀሩት ሰፊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሙርሲው፣ ቦዲው፣ ክዌጉው፣ ካራው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ ሙላቱ ከሸሸ በኋላ በእርጥቡ ዳርቻ ማሽላ እየዘራ ኖሯል። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግልገል ጊቤ 3 በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀምሮ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድቡ ሲታቀድ ጉዳቱን ለማካካስ በየዓመቱ ለ10 ቀን ያህል ሰው ሠራሽ ሙላት እንደሚለቀቅ በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ላይ ተጽፎ ነበር። ከታች ደግሞ 175,000 ሄክታር የሚሸፍን የኩራዝ ስኳር ልማት ታቀደ፤ በኋላ መጠኑ ቢቀነስም መሬት መመንጠሩና ቦይ መቆፈሩ አልቀረም። ነዋሪው የለመደው ዓመታዊ ሙላት ግን ተቋረጠ።

ግድቡ ባልተሠራ ማለቴ አይደለም። 1,870 ሜጋ ዋት ለጨለመ ሀገር ቀልድ አይደለም። የምለው፣ የሙላቱ ጉዳይ ወረቀት ላይ መፍትሔ የተጻፈለት መሆኑን ነው።

ይህ ለደኑ ምን ማለት እንደ ሆነ ትንሽ ላብራራ። የወንዝ ዳር ዛፍ ዘሩን የሚያበቅለው ሙላቱ ጥሎት በሄደው እርጥብ ደለል ላይ ነው። ሙላት ሲቀር ትልልቆቹ ዛፎች ወዲያው አይደርቁም፤ ሥራቸው ጥልቅ ስለሆነ ለዓመታት ቆመው ይታያሉ። የሚጠፋው ተተኪው ነው። ደኑ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ይሆናል። በዚህ የተነሣ ጉዳቱ በግልጽ እስኪታይ ከ20 እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ የመንግሥት ዕቅድ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ተገምግሞ ይዘጋል። ወንዙ አጠገቡ እየፈሰሰ ዛፉ የሚደርቅበት ሁኔታ ሲፈጠር የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ጋምቤላ ላይ ደግሞ ወንዙ ራሱ መልስ የሰጠበት ጊዜ አለ። ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በባሮ አቅራቢያ 100,000 ሄክታር ተዋውሎ ሰፊ መሬት መነጠረ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሮ ሞልቶ የኩባንያውን በቆሎ ዋጠው። ውሉ በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። የአኙዋና የኑዌር ሽማግሌ ባሮ በክረምት እስከ ምን ድረስ እንደሚወጣ ያውቃል፤ ውሉን የፈረመው ወገን ይህን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ባልመነጠረው ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም እንዳንል አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 በ25ኛው አንቀጹ የውኃ ዳርቻዎችን ወሰን መከለል፣ በተከለለው ውስጥ ዛፍና ዕፀዋት መመንጠርንና መኖሪያ ቤት መሥራትን መከልከል እንደሚቻል ደንግጓል። ሥልጣን ይሰጣል እንጂ ግዴታ አይጥልም። ስንት ሜትር የሚለውንም አልወሰነም። በጣናና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ የማካለል ሥራ ተሞክሯል፤ ወንዞቻችን ግን አብዛኞቹ የወሰን ድንጋይ አልተተከለላቸውም።

የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ በ2016 ዓ.ም. በሌላ እስኪተካ ድረስ፣ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይካሄድበት ይከለክል ነበር። ተራራውን አስቧል። ሜዳ ላይ የሚፈስ ወንዝ ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ከዚህ ክልከላ ውጭ ይቀር ነበር። የደን ሕጉም ከደርግ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ በ1986፣ በ1999 እና በ2010። የመጨረሻው አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግለሰብ ደን ሌላ ለማኅበረሰብና ለማኅበራት ደን ዕውቅና መስጠቱ ትልቅ እርምጃ ነው። በጭልሞ፣ በቦንጋና በአዳባ ዶዶላ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሰው ተጠቃሚ ከሆነበት ደን ጋር አይጣላም። ይህ አሠራር በቆላው ወንዝ ዳር ለምን እንዳልሰፋ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ከደጋ ደን ይልቅ ቀድሞውኑ በጎሳ ሥርዓት የሚተዳደረው የቆላው ዳርቻ ነውና።

ሌላው ችግር ባለቤቱ ብዙ መሆኑ ነው። ውኃው የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ መሬቱ የግብርናና የክልሉ መሬት ቢሮ፣ ዛፉ የደን ተቋሙ፣ ብክለቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ወንዙ ከተማ ከገባ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ አለ። የደን ተቋሙ እራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሚኒስቴር፣ በ2018 ኮሚሽን፣ በ2021 ደግሞ ከአካባቢ ጥበቃ ተነጥሎ የኢትዮጵያ የደን ልማት ሆነ። ወንበሩ በተገለበጠ ቁጥር ፋይል ይጠፋል፣ ባለሙያ ይለቃል። የመሥሪያ ቤት ሰው የሆነ አንባቢ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል።

ዘመቻውና መናፈሻው

አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀምበር ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተክሏል ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በቢሊዮን ሆኗል። ዘመቻው ያመጣውን አልንቅም። ሚኒስትሩም ተማሪውም ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ መያዙ፣ የችግኝ ጣቢያ በየወረዳው መስፋፋቱ ቀላል ነገር አይደለም። የጽድቀት መጠኑ ላይ ክርክር አለ፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው። ወደ ወንዝ ዳር ስንመጣ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ዳርቻ ላይ የሚጸድቀው ሾላ፣ ዶቅማ፣ ዋንዛና አኻያ ነው፤ አኻያ ቅርንጫፉ ተቆርጦ እርጥብ መሬት ላይ ቢሰካ ሥር ይሰድዳል። በየመንደሩ በቀላሉ የሚገኘውና ቶሎ ብር የሚሆነው ግን ባሕር ዛፍ ነው። ገበሬውን አልወቅስም፤ ሾላ ተክሎ ማን ይከፍለዋል?

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ሁለት ዘመቻዎች አንድ መሬት ላይ መገናኘታቸው ነው። ሁለተኛው ዘመቻ የበጋ መስኖ ስንዴ ነው፤ የሚፈልገውም ለጥ ያለ፣ ውኃ የሚደርስበት ዳርቻ ነው። የወንዝ ዳር ደን የሚበቅለውም እዚያው ነው። በክረምት ትከሉ፣ በበጋ ሞተር ተክላችሁ እረሱ የሚል መመሪያ ለአንድ ቀበሌ ሲደርስ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር የትኛውን እንደሚያስቀድም መገመት አያዳግትም። ስንዴው በኩንታል ይቆጠራል፤ ሪፖርት ይደረግበታል፤ ይሸለምበታል።

ቀላሉና ርካሹ መንገድ ሳይተክሉ መመለስ ነው። በትግራይና በአማራ ክልሎች ተራሮች የታየውና የግብርና ሠራተኞች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ማድረግ የሚሉት ነው። ሥሩ ወይም ዘሩ በአፈሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ጥቂት ዓመት ከታጠረ ራሱ ይበቅላል። ምርቃት የለውም፣ ፎቶ የለውም፤ ከዘመቻው ይልቅ የማይወደደው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አዲስ አበባ ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በወንዝ ዳር ሥራ ከሁሉ ቀድማለች። ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ዳርቻ ለማልማት በ29 ቢሊዮን ብር ታቅዶ የተጀመረ ነው። የወዳጅነት መናፈሻ፣ የእንጦጦ ፓርክ፣ ኋላም በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የወንዝ ዳር መንገዶች ተከተሉ። ከተማዋ በ2017 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከያ ደንብ አውጥታ ቅጣት መጀመሯም መልካም ነው። ቀበና ዳር የነበረውን የቆሻሻ ክምር የሚያስታውስ ሰው ለውጡን አይክድም። ነገር ግን መናፈሻና ደን አንድ አይደሉም። ወንዙ ግራና ቀኝ በድንጋይ ግንብ ታስሮ፣ ሣር ተነጥፎ፣ ዘንባባ ተተክሎ ሲያበቃ የከተማው ሰው ማረፊያ አግኝቷል፤ ወንዙ ግን ውኃውን የሚያጣራለት ሥርና ረግረግ አላገኘም። ቆሻሻው በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ፣ ከዚያ አዋሽ ገብቶ፣ ወደ ታች ጎመንና ቲማቲም ያጠጣል። ዳርቻ ላይ ከነበሩት ደሳሳ ቤቶች የተነሡ ሰዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በዚህ ጉዳይ ብራዚልን ያህል ሜትር የቆጠረ ሀገር አላውቅም። የደን ሕጓ ወንዙ ከ10 ሜትር ከጠበበ በየዳርቻው 30 ሜትር፣ እስከ 50 ሜትር ከሰፋ 50፣ እስከ 200 ሜትር ከሰፋ 100 ሜትር፣ ከ600 ሜትር ለሚሰፋ ወንዝ ደግሞ 500 ሜትር ደን እንዲቆይ ያዛል። ባለርስቱ ይህን ጠብቆ መሬቱን በሀገር አቀፍ መዝገብ ማስመዝገብ አለበት። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕጉ ሲሻሻል የትልልቅ ገበሬዎች ጉልበት ታየ። ቀድሞ ልኬቱ የሚጀምረው ሙላቱ ከሚደርስበት ከፍተኛው ጫፍ ነበር፤ አዲሱ ሕግ ወንዙ በተለመደው ጊዜ ከሚይዘው መውረጃ ጠርዝ አደረገው። ሜትሩ ሳይነካ ሰፊ መሬት ከጥበቃ ወጣ። ከሐምሌ 2008 (እ.ኤ.አ.) በፊት የመነጠሩ አነስተኛ ባለመሬቶችም እንደ ይዞታቸው መጠን 5፣ 8 ወይም 15 ሜትር ብቻ እንዲመልሱ ተፈቀደላቸው። እኛ አንድ ቀን ሜትር ስንወስን ከየት ተነሥቶ እንደሚለካ አብረን ካልጻፍን ሜትሩ ዋጋ አይኖረውም።

ጎረቤታችን ኬንያ የተቸገረችው በተቃራኒው ነው። የተለያዩ ሕጎቿ የተለያየ ስፋት ይጠቅሱ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ናይሮቢ ወንዝ ዳር የቆሙ የንግድ ሕንፃዎች በዶዘር ሲፈርሱ ባለንብረቶቹ በመንግሥት የተሰጠ ፈቃድ ይዘው ይሟገቱ ነበር።

ከኦሞ ጋር የሚመሳሰለው ግን የቻይናው ታሪም ነው። በሺንጂያንግ በረሃ የሚፈሰው ይህ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዳሲሃይዚ የሚባል የውኃ ማጠራቀሚያ ከተሠራበት በኋላ የታችኛው 320 ኪሎ ሜትር ያህሉ ደረቀ፤ ዳርቻውን የሚያለብሰው የበረሃ ፖፕላር ደንም መሞት ጀመረ። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 ያደረገው ችግኝ መደርደር አልነበረም። ከቦስተን ሐይቅ ጭምር ውኃ ቀንሶ ወደ ደረቀው ወንዝ ለቀቀ፤ በዓመቱ ውኃው ጫፍ ላይ ካለው ከታይቴማ ሐይቅ ደረሰ። የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ አለ፤ ደርቀዋል የተባሉ ዛፎች ቅጠል አወጡ። ውኃው በመውረጃው ብቻ ሲሄድ ግን አሮጌውን ዛፍ ያድናል እንጂ አዲስ ቡቃያ አያወጣም፤ ከመውረጃው ወጥቶ ሜዳውን ማርጠብ አለበት። በመቶ ሺዎች ሄክታር ጥጥ የሚያጠጣ መንግሥት ለዛፍ ብሎ ውኃ መልቀቁን ሳይ፣ ለእኛ አይሆንም የሚለውን ክርክር ለመቀበል ይከብደኛል።

እንግዲህ እኛም አዋሽ ላይ እንጀምር። ከቆቃ እስከ አዋሽ ፓርክ ያለው ዳርቻ ሙላቱ በሚደርስበት ልክ ይለካ፤ ድንጋይ ይተከልበት፤ በውስጡ ያለው ማሳ የማን እንደ ሆነ ይመዝገብ፤ ለቆ ለሚወጣው ገበሬ ካሳ ይከፈል፤ ሳይወጣ ዛፍ ለሚያሳድገው ደግሞ የዛፉ ባለቤትነት በወረቀት ይሰጠው። ግልገል ጊቤ 3 የሚለቀው ውኃ የጊዜ ሰሌዳ ይፋ ይሁን፤ ለ10 ቀን የተባለው ሙላት በየትኛው ዓመት ተለቀቀ፣ በየትኛው አልተለቀቀም የሚለውን የታችኛው ኦሞ ሕዝብና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይወቁት። የመጪው ክረምት የችግኝ ሪፖርት ሲነበብ ደግሞ የምክር ቤት አባላት ስለ ጠቅላላው ቢሊዮን ከመጠየቃቸው በፊት ወንዝ ዳር የተተከለው ስንት ነው፣ ምን ዓይነት ዛፍ ነው፣ ካለፈው ዓመትስ ስንቱ ጸደቀ ብለው ይጠይቁ።